በጧፍ የተደፈነው ላሜራ

ከካዛንቺስ ልንለቅ ዕቃ ስንጭን ከቁምሳጥኑ ጀርባ አንድ ላሜራ ወጣ። የደብተር ስፋት አለው፤ ከዳር እስከ ዳር በረድፍ ተበስቷል። እማዬ አየችውና በነጠላዋ አቧራውን ጠረገችለት። የታላቅ ወንድሜ የያሬድ ነው። ያሬድ ባለፈው ክረምት አረፈ።

እሱ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምሯል። እኔ ከአስራ ሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የነገረኝን እንደገባኝ ነው የምጽፈው። የመመረቂያ ሥራው ስለ ጥቃቅን ሌዘሮች ነበር። ከፀጉር በጣም የቀጠነ የሰሚኮንዳክተር ዝርግ በቀዳዳ ይሞላል። መሃሉ ላይ ግን ሦስት ቦታ ሳይበሳ ይቀራል። በዙሪያው ያሉት ቀዳዳዎች ብርሃኑን ስለሚመልሱት ከዚያ ቦታ መውጣት ያቅተዋል። እዚያው እየተመላለሰ ይጠነክራል፤ ሌዘር ይሆናል። ያሬድ ይህን በኮምፒውተር ብቻ ነው ያሰላው፤ መሥሪያው አልነበረም። ለመምህራኑ ሲያቀርብ ግን በእጅ የሚያዝ ነገር ፈለገ።

ላሜራ ላይ፣ መሃሉን ሦስት ቦታ ትቶ፣ ነጥብ ነጥብ አድርጎ እንዲበሱለት ለጋሽ ከድር ሰጠ። ጋሽ ከድር ቄራ ብየዳ ቤት አላቸው፤ የአባታችን ወዳጅ ነበሩ። ያሬድን «ፕሮፌሰሩ» ይሉታል። ሊያቀርብ አንድ ቀን ሲቀረው እኔን ላከኝ። ሰኔ ነበር። የቄራ መንገድ ጭቃ ነው፣ ዝናብ የመታው ቆዳ ይሸታል። ጋሽ ከድር ላሜራውን በጨርቅ ወልውለው ሰጡኝ።

«ፕሮፌሰሩ መሃል ላይ ሦስት ቀዳዳ ረስቷል። በስቼ ሞልቼለታለሁ በለው።»

አመስግኜ መጣሁ። ያሬድ ላሜራውን ወደ መስኮቱ አነሳው። ብርሃኑ በሁሉም ቀዳዳ አለፈ። አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ቆይቶ ሳቀ።

«ዋናውን ነገር እኮ ነው የበሱት» አለ።

ሄጄ ልንገራቸው አልኩት።

«ተው በቃ። ደስ ብሏቸው ነው የሠሩት። ይልቅ የእማዬን ጧፍ አምጣ።»

እማዬ ለቂርቆስ ያስቀመጠችው ጧፍ ነበር። ሰሙን በጣታችን እያሞቅን ሦስቱን ደፈንን። በማግስቱ አንድ መምህር ሰሙ ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። የጋሽ ከድርን ስም ሳይጠራ ታሪኩን ነገራቸው። ሦስቱም ከተበሱ ብርሃኑ ማረፊያ አያገኝም አላቸው። ሳቁ። ያሬድም ፈተናውን አለፈ።

ባለፈው ክረምት ለቅሶው ላይ ጋሽ ከድር ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ለጎረቤታችን ስለ ያሬድ ያወሩለት ነበር።

«ጎበዝ ልጅ ነበር። አንዴ ብቻ ሦስት ቀዳዳ ረሳ። እኔ ሞላሁለት» አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«አዎ ጋሼ» አልኩ።

ላሜራውን ከቁምሳጥኑ ጀርባ ስናገኘው ከሦስቱ የአንዱ ሰም ወልቆ ነበር። አዲሱ ቤት እንደገባን ጧፍ አሙቄ ደፈንኩት። ብርሃን እዚያ እንደሚቆይ ያሬድ ነግሮኛል። በላሜራ ግን አይሆንም። እሱንም ነግሮኛል።