ዓይን ታስሮ የተቀመሰ ጠላ

ከስማዳ ወደ እስቴ የተዳርኩት በጃንሆይ ጊዜ ነው። የተወለድኩት ወገዳ ገበያ አጠገብ ሲሆን የገባሁት ደግሞ መካነ ኢየሱስ ዳር፣ አማቴ ቤት ነው። ባሌ አባቱ የሞተበት፣ ለእናቱ አንድ ልጅ ነበር። ውሉን ሽማግሌዎቹ አባቴ ፊት ተናግረውታል፤ ሙያ እስክለምድ እናቱ ዘንድ እቀመጣለሁ፣ ከዚያ ከወንዙ ማዶ በተሰጠው ቦታ ላይ ጎጆ እንወጣለን። የጎጆው እንጨት ሠርጋችን ሳይደርስ ተቆርጦ ከቤቱ ጀርባ ተደግፎ ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። እንጨቱ እዚያው ነው፤ እንዲያውም ምስጥ ጀምሮታል። ውኃ ልቀዳ ስወጣ አየዋለሁ፣ ስመለስ አየዋለሁ። ባሌን ስጠይቀው «እናቴ ትፍቀድልን እንጂ» ይላል። እናቱ ደግሞ «ጠላሽ ይድረስልኝና» ይላሉ። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በጠላ ላይ ነበር በሉት።

አማቴ በጠላ የተመሰገኑ ሴት ናቸው። ይኼን አልክድም። ድግስ ያለበት ሰው አስቀድሞ የሚለምነው እሳቸውን ነው። እኔም ከእናቴ ቤት ጠላ ሳላውቅ አልመጣሁም፤ ግን እሳቸው «የስማዳውን ርሺው» ብለው ከመጀመሪያው አስተማሩኝ። ገብሱን እንዴት እንደምቆላ፣ ጌሾውን መቼ እንደምጨምር፣ ጋኑን በወይራ ስንት ጊዜ እንደማጥን፣ ሁሉን እንደ አፋቸው አደረግሁ። ወገቤ እስኪቆረጥ ፈጭቼ፣ ጭስ ዓይኔን አጥፍቶት ጠምቄ ሲደርስ በዋንጫ አቀርብላቸዋለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀምሳሉ። ምላሳቸውን ያጣጥማሉ። ከዚያ፣

«ይጎድለዋል» ይላሉ።

«ምኑ ነው የጎደለው እማማ?»

«እሱንማ ሲገባሽ ታውቂዋለሽ።»

ኧረ ወዲያ! ምን ይገባኛል? አንድ ጊዜ ብቅሉን አበዛሁ፣ አንድ ጊዜ ጌሾውን ቀነስኩ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ተናድጄ ምንም ሳልለውጥ ያንኑ ጠመቅሁ። መልሱ ያው ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚቀዳው የሳቸው ነው፤ የኔ ለደቦ ይሄዳል። ደቦኞቹ ግን አንድ ጠብታ አስተርፈው አያውቁም፤ አንዱ አራሚ እንዲያውም «የዛሬው የአሮጊቷ ነው አይደል?» ብሎ ሲጠይቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለማን እነግራለሁ?

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ፣ ሁለት ሰዎች እኛ ቤት ይመጡ ነበር። አንዱ ከቤተ ልሔም ገዳም የድጓ ዜማ አስመስክረው የመጡ መሪጌታ ናቸው። ሁለተኛው ከጎንደር ተመድቦ የመጣ ወጣት አስተማሪ ነው። ከባሌ ጋር ሦስት ሆነው ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ይጠጣሉ፣ ይጨዋወታሉ። አማቴም መደባቸው ላይ ተቀምጠው ከነሱ እኩል ያወጋሉ። ያን ቀን ታዲያ፣ ጊዜው ጥር ነው፣ ባሌ እንደ ልማዱ ዋንጫውን ከፍ አድርጎ «የእናቴን ጠላ ዓይኔ ታስሮ ብጠጣ አውቀዋለሁ» አለ።

አስተማሪው ይቺን አላሳለፋትም። «ጎንደር ጣልያኖች ወይን ጠጅ ሲያወዳድሩ አይቻለሁ። ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልለው ነው የሚቀዱት። የማን እንደሆነ ሳያውቁ ቀምሰው ይፈርዳሉ። እስቲ አንተም ዓይንህ ይታሰርና የእናትህን ከሚስትህ ለይ» አለው።

«የሚጠጡትን ሳያዩ! ምን ያለው ነገር ነው?» አሉ መሪጌታ። ግን ሲስቁ ጢማቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ነገሩ ጥሟቸዋል።

አማቴ ፈጽሞ አልተጨነቁም። «ይሁን! እኔና እሷ እኩል እንጥመቅ። ልጄ ካልለየ በሳምንቱ ጎጆ ይውጡ፣ አልከለክልም» አሉ።

«ከለየስ?» አለ አስተማሪው።

«ከለየማ እስኪገባት ትማራለች።»

እኔ ጓዳው በር ላይ ቆሜ ነበር። ሁለት ዓመት ስለምነው የነበረው ነገር በጨዋታ መሀል፣ በሰው ፊት፣ ከአፋቸው ወጣ። እንዳይመልሱት ብዬ ቶሎ ገባሁና «መሪጌታ ምስክር ይሁኑ» አልኩ። ባሌ በዓይኑ ገሠጸኝ። ይገሥጽ!

በአንድ ቀን ጠነሰስን። ገብሱ ከአንድ ጎተራ፣ ጌሾው ከአንድ ጓሮ ነው። እሳቸው ጋናቸውን ጓዳ ውስጥ ከበሩ በስተቀኝ አስቀመጡ፣ እኔ በስተግራ። እስኪደርስ ድረስ እሳቸው የኔን ጋን ዞር ብለው አላዩትም፤ እኔም የሳቸውን አላየሁም። ማታ ማታ ባሌ መሀላችን ተቀምጦ ራቱን ይበላል። አንድ ቀን ከብቶች ጋ ብቻውን አግኝቼ «የኔ ጠላ የእናትህ ቢመስልህ ትናገራለህ?» አልኩት። «እንዴት ይመስለኛል?» አለኝ። ይኼ ሰው በልቡ ገና ሳይቀምስ ፈርዶብኛል።

እሑድ ደረሰ። ዓይኑን ምን እናስርበት ሲባል አስተማሪው የመሪጌታን ጥምጥም ተመለከተ። «ተው ልጄ፣ ጥምጥሜ የጠላ ማሰሪያ አይደለም» አሉት። በመጨረሻ በኔ ነጠላ ታሰረ። አማቴ ቅር ያላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በኛ አገር ጠላ የሚያቀርብ ሰው አስቀድሞ ራሱ ይቀምሳል። ዛሬ ግን ቀማሽም ቀጂም መሪጌታ ሆኑ፤ የቱ ዋንጫ የማን እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ጓዳ ገብተው መጋረጃውን መለሱ፣ ቀድተው ሁለት ዋንጫ ይዘው ወጡ። እኔም ብሆን አላወቅሁም። ሁለቱም ቀንድ፣ ሁለቱም ጥቁር ናቸው።

ባሌ የመጀመሪያውን ተቀብሎ ጠጣ። ሁለተኛውን ጠጣ። ወደ መጀመሪያው ተመለሰ፣ ተጎነጨ፣ እንደገና ሁለተኛውን ጠየቀ። እኔ ምሰሶውን ይዤ ቆሜያለሁ።

«ሁለተኛው ነው የእናቴ!» አለ። ፊቱ በራ። ቅንጣት አልተጠራጠረም።

አለቀልኝ አልኩ። እንዲህ እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር ሰው ይሳሳታል ብዬ እንዴት ልገምት? እንጨቱን ምስጥ ሲጨርሰው ታየኝ። እንባዬ መጣ፣ ዋጥ አደረግሁት።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አማቴ አልጠበቁም። «አላልኳችሁም? ልጄ የእናቱን እጅ ይስታል? ወዲህ በሉት!» ብለው ሁለቱንም ዋንጫ ከመሪጌታ እጅ ተቀበሉ። ከሁለተኛው ተጎነጩ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እጄ ነው። ይኼ እጄ ነው።» ከዚያ ከመጀመሪያው ቀመሱ። ምላሳቸውን አጣጣሙ። ወደኔ ዞረው፣

«ይጎድለዋል» አሉ።

መሪጌታ መሬት መሬት እያዩ «እመይቴ፣ ይጎድለዋል ያሉት የርስዎ ነው» አሉ።

አስተማሪው መሳቅ ጀምሮ አቋረጠው። ባሌ ነጠላውን ከዓይኑ አውርዶ አንዴ እናቱን አንዴ እኔን ያያል። እኔ እልል ልል ምንም አልቀረኝ! አፌን በእጄ ያዝኩት። ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም፤ «እንግዲህ በሳምንቱ ነው የተባለው» አልኩ። አማቴ ሁለቱን ዋንጫ ቀስ አድርገው መደቡ ላይ አስቀመጡና «ተባለ፣ አዎ» አሉ። ሰዎቹ ያን ቀን ቶሎ ተነሱ፤ ባሌም ሊሸኛቸው ወጣ።

ዋንጫ ስሰበስብ አማቴ ከተቀመጡበት አልተንቀሳቀሱም ነበር።

«ምንም አልጎደለውም ነበር» አሉኝ።

«የቱ?»

«ያንቺ። ከመጀመሪያው ጋን ጀምሮ።»

«ታዲያ ምነው እማማ? ሁለት ዓመት ሙሉ!»

«ደርሷል ብልሽ ትወጫለሽ። ልጄን ይዘሽ ትሄጃለሽ። እኔ ከማን ጋር ነው የምቀረው?»

እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ሰዓት አላዘንኩላቸውም። ንዴት ብቻ ነው የተሰማኝ። እዚያ ጋን ላይ ተደፍቼ የጎደለውን ስፈልግ የከረምኩት፣ ለካ የጎደለ ነገር ሳይኖር ነው። «አብረሽኝ ኑሪ ብለው ቢለምኑኝ እኮ እኖር ነበር» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «አሁንስ?»

«አሁንማ እወጣለሁ።»

አልለመኑኝም። እኔም አልቀረሁም። ባሌና ዘመዶቹ ደህና ደህናውን እንጨት መርጠው፣ የተበላውን በአዲስ ተክተው ጎጆውን አቆሙት፣ ሣር አለበሱት። አማቴ ዕቃዬን በደንብ አደላድለው ሰጡኝ፣ መረቁኝ፣ እስከ ወንዙ ሸኙኝ።

በአዲሱ ቤቴ ጠላ እስኪደርስልኝ ድረስ የእሑዱ ጨዋታ ሁሉ ተበተነ። አስተማሪው ለፈተና ሥራ ተጠመደ፣ መሪጌታም ለደብራቸው ጉዳይ መንገድ ሄዱ። ሲደርስ ግን ባሌ ጠራቸውና ሁለቱም መጡ። በደስታ ዘለልኩ። የራሴ ምሰሶ፣ የራሴ መደብ፣ የራሴ እንግዳ! ቀድቼ ልሰጥ ብርሃን ፍለጋ ወደ በሩ ጠጋ አልኩና ወደ ማዶ አየሁ።

ከወንዙ ወዲያ የአማቴ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደጁ ተጠርጎ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። እሳቸው ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው በሩ ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። እሑድ ነው፣ ጠምቀዋል። ማንም እንደማይመጣ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ ወይም ደግሞ ቢነገራቸውም አላመኑም።

ባሌ ከኋላዬ «ቅጂ እንጂ» አለኝ።

ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

«ተነሡ» አልኩ።

«ምን?» አለ አስተማሪው።

«ተነሡ ነው የምላችሁ! መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርስዎም ይነሡ። የኔን በሌላ ቀን ትጠጣላችሁ። ወደዚያ፣ ማዶ!»

ባሌ ወደ በሩ መጥቶ አየ። ጋቢውን አነሣና ቀድሞ ወጣ። ወንዙን ተሻገርን፣ ባሌ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ስንቃረብ አማቴ ተነሥተው ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ለምን እንደመጣን አልጠየቁም፣ እኛም አልነገርናቸውም። ሁላችንንም አንድ በአንድ ሳሙን። እኔ ጋ ሲደርሱ ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙኝና፣

«ምነው እንዲህ ዘገያችሁ?» አሉኝ።