የእንግዳ የተባለው ሳህን

ልጅ ሆኜ በሰው አገር፣ ቻምብሊ በምትባል ከተማ በምንኖርባት ጠባብ አፓርታማ የሳሎኑን ግማሽ የያዘው ባለመስታወት ቡፌ ነበር። ውስጡ የተደረደረውን የፖርስሊን ዕቃ እማ ትንከባከባቸው የነበሩት አሮጊት ሲሞቱ ልጆቻቸው «እኛ አንፈልገውም» ብለው ነው የሰጧት። ጠርዙ በወርቅ የተቀለመ ሳህን፣ ክዳኑ ላይ ጽጌረዳ ያበበበት የሾርባ ማቅረቢያ፣ ቀሚሷ እንደ ድንኳን የተነፋ ሴትና ነጭ ዊግ ያጠለቀ ወንድ ሲጨፍሩ የተሳሉባቸው ስኒዎች። የድሮ የአውሮፓ መኳንንት የሚበሉበት ዓይነት መሆኑን ያወቅኩት ኮሌጅ ገብቼ ነው። ያኔ የማውቀው እንደማይነካ ብቻ ነበር።

እኛ የምንበላው በወረቀት ሳህን ነው። ወጡ ሲበዛበት ከታች እየራሰ ጭናችን ላይ ይፈስሳል። «እማ፣ በዛኛው እንብላ፣ ፕሊስ» ስላት መልሷ ያው ነው፤ «የእንግዳ ነው።» እንግዳ ሲመጣ ደግሞ የወረቀቱን ሳህን ደራርባ ታቀርባለች።

አንድ ዓመት ለኢድ የእማ ታላቅ እህት አክስቴ ዘይነብ ከደሴ መጣች። እማ ከአገር ከወጣች ጀምሮ አልተያዩም ነበር። ኤርፖርት ላይ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኔ በልቤ «በቃ፣ እንግዳዋ መጣች» አልኩ። የኢድ ቀን ጠዋት ቤቱ ሳምቡሳ ሳምቡሳ እየሸተተ፣ ማንም ሳያዘኝ የቡፌውን መስታወት ወለወልኩ።

አክስቴ ቡፌው ፊት ቆመች። «እስቲ በዚች ስኒ ሻይ አጠጪኝ» አለች፣ ወደሚጨፍሩት ሰዎች እየጠቆመች።

እማ ደነገጠች። «ውይ እትዬ፣ ሙቅ ከነካው ወርቁ ይለቃል። ደግሞ አንቺ እንግዳ ነሽ እንዴ? ቤተሰብ አይደለሽ?»

«እውነትሽን ነው» ብላ አክስቴ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አጭር ነበር። ሻይዋን በወረቀት ኩባያ ጠጣች። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ወደ ደሴ ከተመለሰች በኋላ ዳግም ልትመጣ ብትሞክርም ቪዛ ደጋግመው ከለከሏት። ባለፈው ዓመት እዚያው ደሴ አረፈች።

ባል ሳገባ እማ ዕቃውን ለእኔ ሰጠችኝ፣ «በጥንቃቄ ያዢው» እያለች። አሁን እዚያው አካባቢ ስቶን ማውንቴን በምትባል ከተማ ያለው ቤቴ እሁድ እሁድ ትመጣለች። ባለፈው እሁድ ምሳዋን በዚያ ባለወርቅ ሳህን አቀረብኩላት። አየችና በመዳፏ ወደ እኔ ገፋችው።

«ይሄ የእንግዳ ነው ልጄ። ለኔ በወረቀት አድርጊልኝ።»

«እማ፣ እንግዳው ማነው? ንገሪኝ፣ ማንን ነው የምንጠብቀው?» ድምፄ ሳላስበው ጮኸ።

ሳህኑን እያየች፣ «ለዘይነብ እንኳ አላወጣሁትም እኮ» አለች። «አሁን እኔ ልብላበት?»

ልጅ እያለሁ ዕቃውን መከልከሏ ስስት ይመስለኝ ነበር። ያኔ በእሷ ተናድጄ፣ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር፤ ዛሬ ማንን እንደምቆጣ እንኳ አላውቅም። ሳህኑን ከፊቷ አላነሳሁም። እሷም እጇን አልዘረጋችም። ምሳው መሃላችን እንዳለ በረደ።