ክፍት መስኮት በነሐሴ ዝናብ

ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሳለ ዝናቡ መጣ። አንድ ወጣት መስኮቱን ገርበብ አድርጎት ነበርና ከኋላ አንዲት እናት "ኧረ ዝጋው ልጄ፣ ንፋስ ይመታናል" አሉት። ተሳፋሪው ሁሉ ተባበራቸው። እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች ጭቃውንም የታክሲ ሰልፉንም እንችላለን፤ በመስኮት የሚገባ ንፋስ ግን የማንታረቀው ጠላታችን ነው። ልጁ ዘጋው፤ እኔ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። በዚሁ በንፋስ ነገር በወጣትነቴ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ተሟግቼ አውቃለሁ።

ያኔ ገርጂ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የምርምር ላቦራቶሪ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ። ሥራዬ ከገጠር ጤና ጣቢያዎች የመጡ የሕፃናት የደም ናሙናዎችን በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቆየት ነበር። ናይትሮጅን የምንተነፍሰው አየር ትልቁ ክፍል ነው፤ ፈሳሽ ሲሆን ግን ብርዱ የእንጦጦን ውርጭ ያስንቃል፣ ጣት ከነካው እንደ እሳት ያቃጥላል። የሚቀመጠው ግድግዳው ድርብ፣ አንገቱ ጠባብ በሆነ ዕቃ ነው። እኛ "እንስራው" እንለው ነበር። ክዳኑ ልል ነው፤ የሚተነው ጋዝ መውጫ ካጣ ዕቃውን ያፈነዳዋልና።

አንድ የነሐሴ ጠዋት ትልቁን እንስራ ውጪው አመዳይ ለብሶ አገኘሁት። ግድግዳው ተበላሽቷል ማለት ነው። ናይትሮጅኑ ዓይናችን እያየ ይጎድላል፤ አቅራቢው ደግሞ በዚያ ሳምንት የለኝም ብሏል። ኃላፊያችን ዶክተር ሙሉጌታ ሲደውሉ ከቆዩ በኋላ ኦሎምፒያ አካባቢ ያለ ሌላ ላቦራቶሪ ሊቀበለን ተስማማ። ወፍራም ጓንትና የፊት መከለያ አድርጌ ናሙናዎቹን ወደ ትንሹ እንስራ አዛወርኩ፤ የተረፈውን ናይትሮጅንም ጨመርኩበት። ናሙናዎቹ ከቀለጡ ሄደን እናቶቹን እንደገና ደም ስጡን ማለት አንችልም። ከልጆቹ አንዳንዶቹ በሕይወት አልነበሩም።

የቢሮው ፒክአፕ መስክ ወጥቶ ስለነበር የቀረችው ሚኒባስ ብቻ ነበረች። ሾፌሩ ጋሽ ተካ ከሳንባ ምች ገና ማገገማቸው ነው፤ አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው፣ መስኮቶቹን ሁሉ ጥርቅም አድርገው ጠበቁኝ። መስኮቶቹ ካልተከፈቱ አልጭንም አልኳቸው። ጋዙ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ አየሩን ገፍቶ ቦታውን ሲይዝ ሰው ምንም ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። ጋሽ ተካ ሳቁብኝ። ንፋስ ስንቱን እንደጨረሰ ዘረዘሩልኝ፤ የአጎታቸውን ልጅም ጨመሩበት። ዶክተርም በረንዳው ላይ ቆመው፣ ቅርብ አይደለም ወይ፣ ናሙናው ሳይቀልጥብን ሂዱ ይላሉ።

ያደግኩት ትልቅ ሰው ሲናገር አንገት ደፍቶ በሚሰማበት ቤት ነው። ያም ሆኖ እንስራውን ከመሬት አላነሳሁም።

ከጥበቃው ክብሪት ለመንኩ። ክዳኑን ብድግ ሳደርገው የአየሩ እርጥበት በብርዱ ነጭ ጉም ሆኖ በአንገቱ ዙሪያ ፈሰሰ። ክብሪቱን ጫርኩና ወደ ጉሙ ዝቅ አደረግኩት። ድርግም አለ። ሌላም ጫርኩ፤ ያም ጠፋ።

"ጋሽ ተካ፣ እሳቱ ያጣውን አየር እርስዎም ያጡታል" አልኳቸው። "ለብርዱ ጋቢ አለ፤ ለዚህ ግን ምንም የለንም።"

የጠፋውን ክብሪት ከእጄ ወስደው አዩት። ከዚያ በመኪናው ዙሪያ እየዞሩ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ከፈቱ። ዶክተርም ካፖርታቸውን አውልቀው ደረቡላቸው።

እንስራውን ቀጥ አድርገን በገመድ አስረን ወጣን። ቦሌ ድልድይ ጋ መንገዱ በጎርፍ ተጨናንቆ ቆምን፤ ዝናቡ በግራም በቀኝም ይገባል፣ ከጎን ያሉት ሾፌሮች እንደ እብድ ያዩናል። ከመንገዱ ዳር የእሸት በቆሎ ጥብስ ሽታ መጣ። ጋሽ ተካ ሁለት አስገዙና አንዱን ሰጡኝ፤ በብርድ መሞቴ ካልቀረ ጠግቤ ልሙት አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ በቆሎ የለም። ኦሎምፒያ ደርሰን ክዳኑ ሲነሳ ናይትሮጅኑ ናሙናዎቹን እንደሸፈነ ነበር። አንድም አልቀለጠም።

ጋሽ ተካ ግን ጉንፋን ጣላቸው። ብርቱካን ይዤ ጎሮ ቤታቸው ልጠይቃቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ አበባ በር ላይ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ወደ ውስጥ ዞረው "መስኮት አስከፍታ ያሳመመችህ ልጅ ይቺ ናት?" አሉ።

ጋሽ ተካ ከአልጋቸው ቀና ብለው "አይ፣ ወደ ቤቴ የመለሰችኝ ናት" አሏቸው።

መስኮቱ ቢዘጋም ምናልባት ምንም አንሆን ነበር፤ ያልደረሰን ነገር ማን አይቶት ያውቃል? በእነዚያ ናሙናዎች የተሠራው ጥናት ሲወጣ ስሜ አልነበረበትም፤ ቅር ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጋሽ ተካም በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ባለፈው ጥር የመጨረሻ ልጃቸውን ሲድሩ ከቤተ ዘመዱ ጋር ከፊት አስቀመጡኝ። ሙሽራዋ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል፣ ይህች ልጅ የተወለደችው ከዚያ ክረምት በኋላ መሆኑ ትዝ አለኝ። በዚያ የሰርግ ቀን የኮራሁትን ያህል ኮርቼ አላውቅም።