የአማቴ ፈረስና የእኔ ደረት

በየካ ተራራ ሥር ከእኔ የበለጠ ፈረሰኛ አልበቀለም። ኮርቻ ላይ ተወልጄ፣ ልጓም እያኘክሁ ጥርስ ያወጣሁ ሰው ነኝ፤ እንጦጦን ሽቅብ ስጋልብ ጥላዬ ደክሞት መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ይህን ሁሉ ሚስቴን እንዲጠይቁልኝ ለለመንኳቸው ሽማግሌዎች ስነግራቸው ቤታቸው ድረስ የሄድኩት በእግሬ ነው። አባቴ ሾላ ገበያ እህል ይሸጣል። በግቢያችን ከአህያ የሚበልጥ እንስሳ ገብቶ አያውቅም፤ አህያውም የሰው ነበር።

ሽማግሌ ደግሞ የተሰጠውን ወሬ አሳንሶ አያደርስም። የልጅቷ አባት ከባሕር ዛፉ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ፈረስ የሚያረቡ ሰው ናቸው። ለፈረስ በኦሮምኛ፣ ለሰው በአማርኛ ይናገራሉ፤ ከሁለቱ ማን በተሻለ እንደሚሰማቸውም አይደብቁም። ሽማግሌዎቹ «ልጁ ፈረሰኛ ነው» ሲሏቸው ስለ ሥራዬ አልጠየቁም፣ ስለ ዘሬም አልጠየቁም። «ፈረስ የሚወድ ሰው ሚስቱን አይበድልም» አሉና ልጃቸውን ሰጡኝ።

በሰርጉ ዕለት ዳማ ፈረስ ተሸልሞ መጣልኝ። ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ይዞልኝ ተቀመጥኩበት። ዳገቱን ሳንጋምስ ዓይኔ ቀላ፣ እንባዬ ወረደ፣ አፍንጫዬም ተከተለ። አጃቢዎቹ ሴቶች አዩና ዘፈኑን እዚያው ቀየሩት፤ ሙሽራው በፍቅር አለቀሰ የሚል ግጥም አወጡ። ሙሽራዋም ቤት ውስጥ ሆና ሰማች። ከዚያ ወዲህ ባልንጀሮቿ ባሎቻቸውን ሲያሙ «የእኔው በሰርጉ ቀን አልቅሶልኛል» እያለች አፋቸውን ታዘጋለች። እንዲህ ያለ ስም ሰው በነጻ ሲሰጠው ይመልሳል እንዴ?

ከሰርጉ በኋላ ግን አማቶቼ ቤት በሄድኩ ቁጥር ትንፋሼ ያጥር ጀመር። ቁጭ ስል ያፍነኛል፣ ስነሳ ያስለኛል፤ ጨዋታ መሐል ተነስቼ ወደ ደጅ እወጣለሁ፣ ደጅ ደግሞ ፈረሶቹ ቆመው አገኛቸዋለሁና ተመልሼ እገባለሁ። አንዱ ምች ነው አለ። ሌላው የእንጦጦ ብርድ ነው አለ። አማቴ «ብርድ ነው» ካሉ ደግሞ ብርድ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ይቀቀላል፣ ድስቱ እፊቴ ይቀመጣል፣ ከላዬ ባና ይደፋብኛል፤ ታጠን እባላለሁ።

ባናው የአማቴ ነው። ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፤ ፈረሱ አልቦት ሲመለስ ጀርባው ላይ ይጣላል፣ ሲመሽ የእሳቸው ትከሻ ላይ ይወጣል። ለሰው አያውሱትም፤ ለእኔ ግን ከፍቅራቸው የተነሳ አወሱኝ። ከሥሩ ያለው እንፋሎት ኤርታሌን ያስንቃል። ደረቴ እንደ ተሰነጠቀ ዋሽንት እያፏጨ፣ ፊቴ እንደ ዱባ አብጦ ስወጣ አማቴ ትክ ብለው ያዩኝና «ብርዱ ገና አልወጣለትም። ይደገም» ይላሉ። ይደገማል።

አንድ ቀን ጠዋት አስጠሩኝ።

«ልጄ፣ ፈረሰኛ ፈረስ ከሌለው ምን ይባላል?»

«እግረኛ ይባላል፣ አባባ።»

«እኔ ደግሞ ልጄን ለእግረኛ አልዳርኩም። ዳማው ያንተ ነው።»

ጋጣው ውስጥ ይዘውኝ ገቡ። በሩን ዘጉና ፈረሱን በብሩሽ ይፈትጉት ጀመር፤ ጠጉሩ በቀዳዳ በገባው ፀሐይ ላይ እንደ ገለባ ይበናል። እኔ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እግዜር ያክብርልኝ» እያልኩ የኋሊት ወደ በሩ አፈገፍጋለሁ። ከምስጋናው ይልቅ የፈለግሁት አየር ነበር። እንዲህ ሳፈገፍግ ምስማር ያገጠጠበት ሳንቃ ረገጥኩ። የዛገው ምስማር ጫማዬን በስቶ እግሬ ውስጥ ገባ።

አማቴ ፊታቸው አመድ መሰለ። ጎረቤታቸው የነበረ ሰው በእንዲህ ያለ ምስማር መንጋጋው ተቆልፎ ሞቷል። ወዲያው ሐኪም ቤት እንሂድ አሉ። «በእግሬ ልሂድ» ብዬ ብለምን «በተወጋ እግር? ፈረስህ ቆሞ?» አሉና ዳማው ላይ ጫኑኝ። ነፋሱ እንዳይመታኝ ባናውን ደረቡልኝ። ሚስቴ ከጎኔ እየሮጠች እግሬን ትደግፋለች። ቁልቁል ስንወርድ በቀኝ ያለው ባሕር ዛፍ ሁሉ ለቀብሬ የተሰለፈ መሰለኝ።

የተቀበለችን ነርስ ቁስሉን እያጠበች ቀና ብላ አየችኝ።

«ትንፋሽዎ ምን ሆኖ ነው?»

«ዳገቱ ነው፣ ሲስተር።»

«ቁልቁል አይደለም እንዴ የመጡት?»

ባናውን ጉልበቴ ላይ አስተካከልኩ።

«አስም አለብዎ? ፈረስ ሲቀርብዎ ያስነጥስዎታል?»

አማቴ ሳቁ። «እሱን ነው? ፈረስ ላይ ያደገ ሰው ነው እኮ» አሉ። ሚስቴ ታየኛለች፣ አማቴ ያዩኛል። እኔም «ፈረስ ላይ ነው ያደግሁት» አልኩ።

«ይሁን። እኔ ቆዳዎን እጠይቃለሁ» አለችና ለምስማሩ የሚሰጠውን የመንጋጋ ቆልፍ መድኃኒት አቅጥና ከክንዴ ቆዳ ሥር ጠብታ ያህል ወጋችኝ። ክንዴን ዘርግቼ ጠበቅሁ። መጀመሪያ አሳከከኝ። ከዚያ የተወጋው ቦታ ተነሳ፣ ነጣ፣ ዙሪያው ቀላ፤ ሦስታችንም እያየነው እየሰፋ ሄደ። ለሌላ ሰው ሳወራ የእንቁላል ግማሽ አድርጌዋለሁ። የባቄላ ያህል ነበር።

ነርሷ ሐኪሙን አማክራ ተመለሰችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። የመንጋጋ ቆልፍ መድኃኒት ከፈረስ ደም እንደሚሠራ ነገረችን። የአንዳንድ ሰው ሰውነት ፈረስን በጠላትነት ይይዘዋል፤ ሌላው ሰው የማይሰማውን ጠጉርና ላብ እሱ ወራሪ መጣ ብሎ ጦር ይመዝበታል። «የሚያፍንዎት ፈረሱ አይደለም፣ የገዛ ጦርዎ ነው። አለርጂ ይባላል። ለምን አንዱን ሰው ይዞ ሌላውን እንደሚተው ገና እየተጠና ነው።»

«ታዲያ መርፌው ይቅራ» አለች ሚስቴ።

«ከቀረ መንጋጋ ቆልፍ ያሰጋል። ባንዴ ከሰጠሁት ትንፋሹ ሊዘጋ ይችላል። ሐኪሙ በጥቂት በጥቂቱ ስጪው ብለዋል።» ሌላ መርፌ ሞልታ ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። «ይሄ ደግሞ ትንፋሽ እምቢ ካለ ነው።»

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ከዚያ ሳህን አልተነቀለም። ትወጋኛለች፣ ትጠብቃለች፣ ደረቴን ታዳምጣለች፣ ጨምራ ትወጋኛለች። መተኛት አልቻልኩም፣ መቀመጥም አልቻልኩም። ጆሮዬ ሲያሳክከኝ ሞት በጆሮ የሚገባ መሰለኝ። ወደ መስኮቱ ዞር ስል ዳማው ከግንድ ታስሮ ያየኛል።

«እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ።»

«አፍዎን አላመንኩም፤ በረጅሙ ይተንፍሱ።»

አማቴ ጉልበቴ ላይ የተጣለውን ባና አዩት፣ ደረቴን አዩት፣ መልሰው ባናውን አዩት። ቀስ ብለው አንስተው ይዘውት ወጡ። ተመልሰው በሩ ላይ ሲደርሱ ደግሞ የራሳቸውን እጀ ጠባብ ቁልቁል ተመለከቱ፤ የፈረስ ጠጉር ሞልቶበታል። አልገቡም። ዞረው ከመስኮቱ ውጭ ቆሙ።

«ስንቴ አጠንንህ» አሉ በዝግታ።

«አባባ፣ እርስዎ ምን አውቀው።»

መሸትሸት ሲል ነርሷ የመጨረሻውን ወግታ፣ ብዙ ጠብቃ፣ ያን የፈራሁትን መርፌ ሳትነካው ሳህኑን አነሳች። ሚስቴ እጄን ጨብጣ ፈገግ አለች። ያኔ ነው አማቴ ከመስኮቱ ውጭ ጉሮሯቸውን የጠረጉት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በሰርግህ ዕለት ዳማው ላይ ሆነህ ያለቀስከውስ?»

የሚስቴ እጅ እጄ ውስጥ ደረቅ አለ። እንደ ልማዴ አንድ ቀልድ ፈለግሁ፤ ነርሷ በረጅሙ ይተንፍሱ ስላለችኝ ብቻ ተነፈስኩ።

«ፈረሱ ነው፣ አባባ።»

ፈረሰኛ አይደለሁም። ጋሪ ሲያልፍ አፍንጫዬን በመሐረብ ይዤ ወደ አጥር የምለጠፍ ሰው ነኝ፤ በሰርጌም ቀን ያስለቀሰኝ የፈረስ ጠጉር ነው።