የምድር ቤቱ መስኮት

ሰቆጣ ውስጥ የታሰርኩ ዕለት፣ ፖሊሱ ገፍትሮ ሲያስገባኝ መጀመሪያ ያየሁት ሰዎቹን አልነበረም፤ ግድግዳውን ነው። ከደሴ ተመድቤ የመጣሁ የታሪክና የሥዕል አስተማሪ ነበርኩ፤ ቤት ሳላይ ማለፍ አልችልም። ያ አመል እዚያም አልለቀቀኝም።

ቤቱ የአንድ የድሮ ሹም ፎቅ ነበር። እኛ የነበርንበት ምድር ቤቱ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነው፤ የግንቡ ውፍረት ክንድ ከስንዝር ያልፋል፤ የጽድ ግንዶቹ በጢስ ብዛት ጠቁረዋል። ጣሊያን ሲመጣ ከጎኑ ባለ ቅስት በር የሲሚንቶ ክፍል ቀጠለበት፤ እሱ የመቶ አለቃው ቢሮ ሆኗል። ከጣሊያን በኋላ የመጡት ደግሞ የአፈሩን ጣራ አንስተው ቆርቆሮ አለበሱት። ሦስት ዘመን በአንድ ቤት ተጣብቆ በምንም አይስማማም፤ እኛን በማሰር ግን ተስማምቷል።

ማዕዘኑ ላይ የማውቃቸው ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ግንበኛ ናቸው፤ በዋግ አገር እጃቸው ያላረፈበት ደህና ቤት ጥቂት ነው። አንድ ባለርስት አዲስ ቤቱን በነጻ ሊያሠራቸው ሲነሳ፣ ግንበኞቹ አንሠራም አሉ፤ እኔም አቤቱታ ጻፍኩላቸው። የእጅ ጽሑፌ እንዳይታወቅ በግራ እጄ ነው የጻፍኩት። መጀመሪያ ጣታቸውን ያተሙት እኒህ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው በጣታቸው ታሰሩ፣ እኔ በጥርጣሬ።

"መጣህ፣ መምሩ?" አሉኝ።

"መጣሁ፣ አባባ።"

"በል ተዚህ ሁን። ወደዚያ አትጠጋ፣ ያፈሳል። ቆርቆሮ እንጭናለን ብለው ግንቡን አቆሰሉት።"

የድንጋይ ትቢያ ደረታቸውን በልቶታል፤ ሁለት ቃል ተናግረው ይስላሉ። ቢሆንም ቀኑን የምንገፋው በእሳቸው ወሬ ነበር። ጣሊያኑን "እጁ ደህና ነው፣ ግን ችኩል" ይሉታል። ቆርቆሮውን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ከአለት ተፈልፍለው የተሠሩትን አብያተ ክርስቲያናት ሲያነሱ ግን ድምፃቸው ይለወጣል።

"እነዚያ ጠራቢዎች በመስኮት ነው የጀመሩት፤ በመስኮት ገብተው ነው አለቱን ወደታች የወረዱት" አሉኝ አንድ ቀን። "መዥመሪያ ብርሃን ነው እንጅ!"

መቶ አለቃው ድምፁን የማያነሳ፣ ልብሱ ላይ ጉድፍ የማይወድ ሰው ነበር። ሽማግሌውን በየጠዋቱ ያስጠራቸዋል። ጥያቄው አንድ ነው፤ አቤቱታውን ማን ጻፈልህ? መልሱም አንድ ነው፤ እግዜር ይወቀው። ውስጥ እግራቸውን አስገርፎ ይመልሳቸዋል። ተሸክመን ስናስገባቸው ዓይኔን ላለማየት ወደ ጣራው ይመለከቱ ነበር። እኔም ዝም እል ነበር።

በአምስተኛው ጠዋት ወደ ምድር ቤቱ አልመለሷቸውም። ከጓሮ በኩል ጎተራ የነበረች ጠባብ ጓዳ አለች፤ አንዲት መስኮት ብቻ ያላት። እዚያ አስገብተው በሩን ቆለፉባቸው። ከዚያ እኔን አወጡኝ። ከመስኮቷ ሥር ድንጋይ ተቆልሏል፤ ጭቃ በጣሳ ቀርቧል።

"ሥዕል አስተማሪ ነህ አሉ" አለኝ መቶ አለቃው። "ይህችን መስኮት ድፈንልኝ። የጻፈለትን ሰው ስም እስኪናገር ነው። የተናገረ ቀን አንተው ታፈርስለታለህ።"

ገራፊው አጠገቡ ቆሟል። ያ ደረት ያለ አየር ስንት ቀን እንደሚቆይ አውቅ ነበር። አውቄ ጎንበስ አልኩና ድንጋይ አነሳሁ።

የመጀመሪያው ተንሸራቶ ወደ ውስጥ ወደቀ። ሳል ሰማሁ፤ ቀጥሎ ድምፃቸው መጣ።

"እንዲህ አይደለም፣ መምሩ። ድንጋይ ፊትና ጀርባ አለው። ፊቱን ወደ ውጭ አዙረው።"

አዞርኩት። ተቀመጠ።

"ጭቃው አልቦካም፣ ይሸሻል። ጭድ ጨምርበት።"

ጨመርኩ።

"አሁን የሁለቱን መጋጠሚያ ሦስተኛው ይርገጠው። ስንጥቅ በስንጥቅ ላይ አይመጣም።"

መቶ አለቃው ሳቀ። "ስሙት! መቃብሩን ራሱ ያስገነባል!" አለ። ፖሊሶቹም ሳቁ፤ ከዋግ ገበሬዎች የተወለደው አስር አለቃ ብቻ መሬት መሬት ያያል። ሽማግሌው ድንጋዩን ሳይሆን እኔን ደግፈው እንዳቆሙኝ የገባኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያኔ የተሰማኝ እፍረት ብቻ ነበር፤ እፍረት ደግሞ እጅ አይዝም።

የአንድ ድንጋይ ቀዳዳ ሲቀር ፊታቸውን አስጠጉ። ዓይናቸው አቧራ ለብሷል።

"ዝጋና ሂድ" አሉኝ ቀስ ብለው። "ልጆቹ መምህር የላቸውም።"

ድንጋዩን መሬት አስቀመጥኩት። የግራ እጄን ጣት ጭቃ ውስጥ ነክሬ፣ ደረቁ ግንብ ላይ የአቤቱታውን መጀመሪያ ቃል ጻፍኩ። ፊደሉ እዚያ ወረቀት ላይ እንዳለው ወደ ግራ ተጋድሟል።

"የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"ውሸቱን ነው! እንዳትሰሙት!" ሲሉ ሽማግሌው ከውስጥ ጮኹ። ሲጮኹ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መቶ አለቃው ጽሑፉን ረጋ ብሎ አየው። እጄን እንዲያስሩት አዘዘ፤ ወደ አስር አለቃውም ዞሮ፣ "የቀረችውን ድፈናት። የተናገረው እሱ አይደለም፤ ላንድ አስተማሪ ብዬ ቅጣት አልሰርዝም" አለው።

"ጌታዬ፣ እኔ ግንብ አላውቅም።"

በዋግ የእርሻውን ድንበር በካብ የማያጥር ገበሬ፣ ካብ ሳይክብ ያደገ የገበሬ ልጅ የለም። ሁሉም ያውቃል። መቶ አለቃው በጥፊ መታው፤ አስር አለቃው ያንኑ ደገመለት። መቶ አለቃው ጭቃውን አየ፣ የገዛ ሸሚዙን እጅጌ አየ፤ ከዚያ ወደ ቢሮው ገባ። ቀዳዳዋ እንደቀረች እኔን ወደ ደሴ ወሰዱኝ።

የተፈታሁት ንጉሡ ሲወርዱ ነው። ሰቆጣ ተመልሼ ቤታቸውን ጠየቅሁ። ሚስታቸው በር ላይ ተቀበሉኝ።

"ተዚያስ አውጥተውት ነበር" አሉኝ። "በዚያች ቀዳዳ አፉን ደግኖ ነው አሉ የሰነበተው። ግና ደረቱ አልተመለሰም፤ ለሰኔ አልደረሰም።" ምንም አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጆቼ ዛሬ "አባታችን እምቢ ያለ ሰው ነው" እያሉ ለእንግዳ ያወራሉ። እስከ ዛሬ አላረምኳቸውም። ያንን ቃል ግን መስኮቷ ክፍት ሳለች፣ ገና ሳላጎነብስ ልናገረው እችል ነበር። የተናገርኩት ዐሥራ አንድ ድንጋይ ከደረደርኩ በኋላ ነው። እሳቸው እንዳስተማሩኝ፣ አንዱም አልተዛነፈም።