ምንጩ ያልታወቀ ምልክት

ያን ቀን እጄን የያዘው ፍርሃት ነበር፣ ወይስ ያላረጋገጥኩትን አልጽፍም የሚለው የኖረ ግትርነቴ? ጥያቄውን የቀሰቀሰችብኝ መስማት የተሳናቸውን የምታስተምር ወጣት ናት። ሰሞኑን የእጅ ምልክቶች የጻፍኩበትን አሮጌ መዝገቤን ይዛ መጣችና፣ «እትዬ፣ ይቺ ምልክት ብቻ ለምን ምንጭ አጣች?» አለችኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ፣ በሃያ ዓመቴ ነው። የእጅ ቋንቋ ግን ከዚያ በፊት፣ ሸዋ በር ገበያ ከእናቴ ጎን ካሮት ትሸጥ ከነበረችው መስማት ከተሳናት ከሐሊማ ተምሬ ነበር። ስለዚህ አንድ አጥኚ የአካባቢውን ምልክቶች ሊመዘግብ ሲመጣ አስተርጓሚውም ጸሐፊውም እኔ ሆንኩ። ሐሊማ ቤት፣ ገጠር ድሬ ጠያራ ሄድን። ማሽላው ከሰው ቁመት በልጦ መንገዱን ከሁለት ወገን አጥሮት ነበር፤ ሰማይ ብቻ ይታያል። እሸት ጠብሰው አቀረቡልን።

እያንዳንዱን ምልክት እንመድባለን፦ ከትምህርት ቤት የመጣ፣ ከሰሚዎች የተወሰደ፣ ወይም እዚያው ቤት የተወለደ። ጉንጭ መንፋት ጫት ነው፤ ይህን ሰሚውም ያደርገዋል። ጓሮ ያለውን፣ ድሮ ማሽላ ይከማችበት የነበረውን ጉድጓድ ግን ሐሊማ ሁለት መዳፏን ወደ ፊት ገፍታ ጠራችው።

«እህል እኮ አይገፋም!» አለ አጥኚው። «ከየት መጣ? ጠይቂያት።»

ሐሊማ በር ላይ ጫት ወደሚቅመው አጎቷ አየች። ጀርባዋን ሰጥታው በደረቷ ልክ፣ በትንንሹ ነገረችኝ። ወንድሟ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል። አጎቷ ከኋላው። ሁለት መዳፍ። ጅቡቲ ተሻግሯል እየተባለ እናቱ የሚጠብቁት ወንድሟ ነው።

«ለመንግሥት ጻፊልኝ» አለች በእጇ። «እናቴ ግን አትስማ። ትጋፈጠዋለች፤ እሷንም ይገድላታል።»

«ምን ትላለች?» አለ አጎቷ።

«ስለ ጉድጓዱ ነው።»

«ይቺ! አላህ ምላስ ቢሰጣት ሸዋ በርን በወሬ ታቃጥለው ነበር!» ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ተወ። «አንቺስ ምን ልትጽፊ ነው? አንብቢልኝ እስቲ።»

ጻፍኩ። አነበብኩለትም፦ «ምንጩ ያልታወቀ።»

«ጎሽ» አለና ከእሸቱ ትልቁን መርጦ ሰጠኝ።

ሐሊማ ማንበብ አትችልም። ቃሏ ወረቀቱ ላይ የሰፈረ መስሏት ጉልበቴን በምስጋና ነካ አደረገች። ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን «የመንግሥት ሰዎች መቼ ይመጣሉ?» ትለኝ ነበር፤ እኔ አቀርቅሬ ካሮት እመርጣለሁ። በሁለተኛው ዓመት ታማ ሞተች። አጎቷ አምና ሞተ፤ እፈራዋለሁ የምለው ሰበብም አብሮት ተቀበረ። እኔ ግን ያኔም አልተነሳሁም።

ወጣቷ በመጣች ማግስት ድሬ ጠያራ ሄድኩ። የሐሊማ እናት አዴ ፋጡማ አርጅተው ደጃፍ ተቀምጠዋል። የልጃቸውን ነገር አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። አላለቀሱም። «ኢና ሊላሂ» ብለው ወደ ጓሮው ዞሩ።

«ሐሊማ ናት የነገረችሽ?»

«አዎ፣ አዴ።»

«መቼ?»