አባቴ የስኳር መለኪያውን የፈተነበት ቀን

አባቴ ማሾ ሊሸጥ ሸዋ ሮቢት ሲመጣ አንድ የታሸገ ኪሎ ጨው ይዞ ነው። በነጋዴው ሚዛን ላይ መጀመሪያ ጨዉን ያስቀምጣል፤ ሚዛኑ በትክክል አንድ ኪሎ ካላለ ጆንያውን አይፈታም። ነጋዴዎቹ ለምደውት ይስቃሉ፤ እኔ ግን በሐፍረት መግቢያ ይጠፋኛል።

አምና አንድ ቀን ጠዋት የስኳር መርፌውን ተወግቶ፣ እህል ሳይቀምስ ማሳ ወረደ። ስኳሩ ወርዶ ራሱን ስቶ ወደቀ። ቀወት ገበያ የሚሄዱ ሰዎች አይተውት ነው የተረፈው። ሐኪሙ «ቤታችሁ መለኪያ ይኑር፤ ደግሞ እንዲህ ቢወድቅ ላይነሳ ይችላል» አለኝ። ቃሉ እንቅልፍ ነሳኝ። አባቴን እያጉረመረመ ባጃጅ ላይ አሳፍሬ ከተማ ፋርማሲ ወሰድኩት።

ፋርማሲስቷ ሁለት መለኪያ አወጣች። የአንዱ ቁጥር ትልልቅ ነው፤ የሌላው ስትሪፕ፣ ደም የሚነካበት ቀጭን ወረቀት፣ ግን ከተማው ውስጥ አይጠፋም። «ስትሪፑ ካልተገኘ መለኪያው ጌጥ ነው። ሙቀትም ያበላሸዋል፤ ቆርቆሮ ሥር እንዳታስቀምጡት» አለችን። እኔ ወዲያው ሁለተኛውን መረጥኩ። አባቴ መች በዚህ ሊበቃው!

«ልጄ፣ ይሄ እንደማይዋሽ በምን አውቃለሁ?» አላት። «ፊት ጤነኛ ሰው ለኪበት።»

ዞሮ እኔን አየኝ። በጨዉ ቦታ እኔ ገባሁ ማለት ነው። ቶሎ እንገላገል ብዬ ጣቴን ሰጠሁ።

ሁለት መቶ ስልሳ አራት አለ።

አባቴ ፊቱ በራ። «አላልኩም? ቀጣፊ ነው!»

ፋርማሲስቷ አልሳቀችም። መንገድ ላይ ማንጎ ልጬ እንደነበር ስነግራት እጄን በሳሙና አስታጥባ ሌላ ጣቴን ወጋች። ያው ነው። በሌላኛው መለኪያ ሞከረች፤ እሱም አልራቀም። የራሷን ለካች፤ ዘጠና ስድስት፣ የጤነኛ ሰው ልክ።

«ውሃ ይጠማሻል?» አለችኝ ቀስ ብላ።

በሮቢት ሙቀት የማይጠማው ማን አለ? ጥማቱንም፣ ድካሙንም፣ ቀሚሴ እየሰፋኝ መምጣቱንም ሁሉ በቆላው ፀሐይ ሳሳብብ ከርሜያለሁ። ጣቴ ላይ የቀረችውን ጠብታ አየኋት። ከማሾ ፍሬ ታንሳለች። ይህን ሁሉ ጊዜ ተሸክሜው ስዞር ያላወቅሁትን እሷ በአፍታ ተናገረችው። ፈራሁ፤ ግን ከፍርሃቱ መደነቁ በለጠብኝ። ሰው የገዛ ሰውነቱን ይህን ያህል አያውቀውም?

ፋርማሲስቷ በማግስቱ በባዶ ሆዴ ጤና ጣቢያ ሄጄ እንድመረመር አጥብቃ ነገረችኝ። አባቴ ፈገግታው ጠፍቶ፣ መለኪያውን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» አለ።

ደሜ ፈላ። «አባ፣ ምኑ ነው የሚያስመሰግነው?»

«እኔን መሬት ላይ ነው ያገኙኝ» አለ። «አንቺን ቆመሽ አገኘንሽ።»